እጅን ለክንፍ መስጠት፦ ስለ ወፎች አካል፣ በረራና አመጋገብ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ስለ ወፍ ለመስማት ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ወፍ አካል ሲነገር ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ክንፍ፣ ላባና ቀላል አጥንት ይዘረዘራሉ፤ ይህ የመብረር ምዕራፍ ነው። በሌላ በኩል የምንቃር ዓይነቶች ይደረደራሉ፤ የሥጋ በሊታው ቆልማማ፣ የእህል ለቃሚው አጭርና ወፍራም፣ የአበባ ወለላ ጠጪው ቀጭንና ረጅም፤ ይህ ደግሞ የመብላት ምዕራፍ ነው። ተማሪ ሁለቱን ለየብቻ ሸምድዶ ይወጣል። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ነው። ወፍ የምትበላው ነገር አበራረሯን ይወስናል። መብረሯም በተራው ምን መብላት እንደምትችል፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደምትይዝ፣ የበላችውንም በየትኛው የአካል ክፍሏ እንደምትፈጨው ይወስናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእጅ ነው። የወፍ ክንፍ እጅ ነው። ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩት አንድ የላይኛው ክንድ አጥንት፣ ሁለት የታችኛው ክንድ አጥንቶች፣ የእጅ አንጓ፣ ከዚያም ተቀንሰውና ተጣብቀው የቀሩ ሦስት ጣቶች ታገኛላችሁ። እጅ ክንፍ ሲሆን እንስሳው የሚይዝበትን፣ የሚቆፍርበትን፣ የሚልጥበትን፣ ምግብ ወደ አፉ የሚያደርስበትን መሣሪያ ያጣል። ያ ሁሉ ሥራ ወደ ሌላ አካል መተላለፍ አለበት። በወፎች ዘንድ ሥራውን የተረከቡት ምንቃር፣ አንገትና እግር ናቸው። የጥርስን ሥራ ደግሞ ሆድ ተረክቦታል። የወፍን አካል በዚህ ርክክብ በኩል ስናየው ብዙ የተበታተነ የሚመስል ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ርክክቡ በአንድ ጀንበር አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ1861 በጀርመን ባቫርያ፣ ሶልንሆፈን አካባቢ ከሚወጣው የኖራ ድንጋይ ውስጥ በመጀመሪያ አንዲት ላባ፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አጽም ተገኘ። ፍጡሯ አርኪዮፕተሪክስ ተባለች። ዕድሜዋ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የክንፏ ላባዎች ከዛሬ ወፍ ላባ ብዙም አይለዩም። መንጋጋዋ ግን ጥርስ አለው፤ ከክንፏ ጥፍር ያላቸው ጣቶች ወጥተዋል፤ ጅራቷም ረጅም የአጥንት ሰንሰለት ነው። ትልቁ የበረራ ጡንቻ የሚጣበቅበት የደረት አጥንት ጉብታ ደግሞ የላትም። በሌላ አነጋገር ክንፉ መጥቷል፤ የድሮው አፍና የድሮው እጅ ግን ገና አልተሰናበቱም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማብራሪያ አለ፤ «ወፎች ጥርሳቸውን ያጡት ክብደት ለመቀነስ ነው» ይባላል። እኔን ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። ኢክቲዮርኒስ የምትባለው የጥንት የባሕር ወፍ በደንብ የዳበረ የደረት አጥንት ጉብታ ነበራት፣ በሚገባም ትበር ነበር፤ ሆኖም አፏ ጥርስ የሞላበት ነው። ስለዚህ ጥርስ ይዞ መብረር ይቻላል ማለት ነው። ከራስ ክብደት ይልቅ አጥብቀን ልንይዘው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ። በአየር ላይ ያለ አካል የክብደቱ ማዕከል በክንፎቹ መካከል ካልዋለ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይደፋል። ከባድ መንጋጋ፣ እሱን የሚያንቀሳቅስ ወፍራም የጉንጭ ጡንቻ፣ ይህ ሁሉ በረጅም አንገት ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ለበረራ ጠንቅ ነው። የወፍ መፍጫ ያለው ግን ሆዷ ውስጥ፣ ከክንፎቹ በታች፣ በአካሏ መሃል ነው።

ስለ አጥንት የሚባለውም እንዲሁ መታረም ይፈልጋል። የብዙ ወፎች አጥንት ውስጡ ክፍት ነው፣ በአየር የተሞላ ነው፣ እንዳይታጠፍም በውስጡ ቀጫጭን ድጋፎች ተዘርግተውበታል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ «የወፍ አጥንት ቀላል ነው» ማለት ግን ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሊዛቤት ዱሞንት የተባለች ተመራማሪ የወፎችን፣ የሌሊት ወፎችንና የአይጥ ወገኖችን አጥንት አነጻጽራ የወፍ አጥንት በአማካይ ከሁሉም ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን አሳይታለች። ቀጭን ነው፣ ክፍት ነው፣ ነገር ግን የአጥንቱ ግድግዳ የተሠራበት ነገር ለመጠኑ ይከብዳል፤ ስለዚህም ጠንካራና የማይለመጥ ነው። ወፍ ያገኘችው ጥቅም በትንሽ አጥንት ብዙ ጥንካሬ ነው። በብዙ ወፎች ላባው በአንድነት ሲመዘን ከአጽሙ ይበልጣል። በክንፍ ምት ኃይል እንዳይወላለቅ ደግሞ ብዙ አጥንቶች እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ የወገብና የዳሌ አከርካሪ አንድ ግትር አካል ሆኗል፣ ረጅሙ የአጥንት ጅራት አጥሮ የጅራት ላባዎች የሚተከሉበት አንድ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል።

ስለ ሌላው የክብደት ቁጠባ በአጭሩ ልለፍ። ወፍ ሽንቷን በውኃ አትሸኝም፤ ቆሻሻውን ነጭ ለጥፍ አድርጋ ታስወግደዋለች፤ ስለዚህ የሽንት ፊኛ አያስፈልጋትም። አብዛኞቹ ሴት ወፎች የሚሠራ የእንቁላል ማመንጫ ያላቸው በግራ በኩል ብቻ ነው። ፅንሱንም በሆድ ተሸክሞ ከመብረር ይልቅ እንቁላል ጥሎ መታቀፍ ለሚበር ፍጡር የሚመች ነው።

አሁን ወደ ላባ ልምጣና ትንሽ ልቆይ፤ ከወፍ አካል ሁሉ ለኔ አስደናቂው እሱ ነው። ላባ ኬራቲን ከሚባለው የፕሮቲን ወገን የተሠራ ነው። መሃሉ ላይ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከቅርንጫፎቹ ደግሞ በማጉያ መነጽር ካልሆነ በደንብ የማይታዩ ንዑስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። እነዚህ ንዑሳን ጥቃቅን መንጠቆዎች አሏቸው፤ የአጠገባቸውን ቅርንጫፍ ይዘው ላባውን አንድ ወጥ ገጽ ያደርጉታል። ንፋስ ወይም ቅርንጫፍ ሲሰነጥቀው ወፏ በምንቃሯ ታበጥረዋለች፣ መንጠቆዎቹም ተመልሰው ይያያዛሉ። በዓለም ላይ እንዲህ በቀላሉ ተቀድዶ እንዲህ በቀላሉ የሚጠገን የበረራ ገጽ ሌላ አላውቅም። የክንፍን ጫፍ ላባ በእጃችሁ ይዛችሁ ብታዩት ዘንጉ በመሃል አይደለም፤ ወደ ፊተኛው ጠርዝ፣ ንፋስ ወደሚገጥመው ወገን ያደላል። አንዱ ጎን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። ይህ አለመመጣጠን ላባው በአየር ግፊት እንዳይጠማዘዝ ይረዳዋል፤ እያንዳንዱ ላባ ብቻውን ትንሽ ክንፍ ሆኖ ይሠራል።

ልብ በሉ፣ የበረራው መጠገኛ ምንቃር ነው። የአብዛኞቹ ወፎች የላይኛው ምንቃር ከታችኛው ጥቂት አልፎ ጫፉ ጎንበስ ይላል። ይህ ትርፍ ለመብላት ብቻ ይመስለን ነበር። በርግቦች ላይ በተደረገ ሙከራ ግን ያ ጫፍ ሲሞረድ ወፎቹ መብላታቸውን አላቋረጡም፤ ላባ የሚበላው ቅማል ግን በዛባቸው፣ ላባቸውም ተጎዳ። ጫፉ ቅማሉን ከታችኛው ምንቃር ጋር አጣብቆ የሚጨፈልቅበት ነበር። እጅግ ትንሽ የሆነ የአፍ ጫፍ የክንፍን ደኅንነት ይጠብቃል ማለት ነው።

ጡንቻው ደረት ላይ ነው። ከደረት አጥንቱ መሃል ቀጥ ብሎ የሚወጣው ጉብታ ለትልቁ የደረት ጡንቻ መያዣ ነው፤ ይህ ጡንቻ ክንፉን ወደ ታች ይመታል። ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ከጀርባ ይሆናል ብለን ብንገምት አይፈረድብንም፤ ግን አይደለም። እሱም ደረት ላይ፣ ከትልቁ ሥር ተቀምጧል። ጅማቱ ሽቅብ ወጥቶ በትከሻ ላይ ሦስት አጥንቶች በሚሠሩት ቀዳዳ ውስጥ ያልፍና ዞሮ ከክንዱ አጥንት በላይ ይያያዛል። ስለዚህ ከታች ሲጎትት ክንፉ ወደ ላይ ይነሳል። ለምን ይህን ያህል መዞር አስፈለገ? ሁለቱም ከባድ ጡንቻዎች ከክንፉ በታች ሲውሉ ክብደቱ ዝቅ ይላል፣ ወፏም በአየር ላይ አትገለበጥም። የክብደት ቦታ ስል የነበረው እዚህም መጣ። የደረት ጡንቻው ቀለምም ስለ ኑሮዋ ይናገራል። ረጅም ርቀት የምትበረው ርግብ ጡንቻዋ ደም የበዛበት፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ከመሬት ለቅማ የምትኖረውና አደጋ ሲመጣ ብቻ ብድግ ብላ የምትበረው ዶሮ ደግሞ ነጣ ያለ፣ ለቅጽበት ኃይለኛ፣ ቶሎ የሚደክም ጡንቻ አላት።

ይህን ሁሉ ጡንቻ የሚያነድደው ኦክስጅን የሚመጣበት መንገድ ከኛ ፈጽሞ የተለየ ነው። እኛ አየር በገባበት እናስወጣለን፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሁልጊዜ ይቀላቀላል። የወፍ ሳንባ ግን እምብዛም አይነፋም አይኮማተርም። በአካሏ ውስጥ ተሰራጭተው ያሉ፣ በአብዛኞቹ ወፎች ዘጠኝ የሚሆኑ የአየር ከረጢቶች እንደ ወናፍ እየሰፉና እየጠበቡ አየሩን በሳንባው ውስጥ ያሳልፉታል። የገባው አየር መጀመሪያ በአብዛኛው ወደ ኋለኞቹ ከረጢቶች ይሄዳል፤ ወፏ ትንፋሽ ስታስወጣ ከዚያ ወደ ሳንባው ያልፋል፤ እንደገና ስትስብ ከሳንባው ወደ ፊተኞቹ ከረጢቶች ይሻገራል፤ በሁለተኛው ትንፋሽ ይወጣል። አንዱ አየር ገብቶ ለመውጣት ሁለት ዙር ይፈጅበታል፤ በሳንባው ውስጥ የሚያልፈውም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ወፏ አየር ስታስወጣም ስታስገባም ሳንባዋ ትኩስ አየር ያገኛል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንድ የታወቀ ክስተት ያሳየናል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1973 በኮትዲቯር አቢጃን ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ከአንድ ወፍ ጋር ተጋጨ። ከተገኙት ላባዎች ሲመረመር ወፉ የሩፔል ጥንብ አንሳ ሆኖ ተገኘ። ሰው ያለ ኦክስጅን ጭምብል በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን በሚስትበት ከፍታ ላይ ማለት ነው። ጥንብ አንሳ እንዲህ ከፍ የሚለው ለምግቡ ነው። የሞተ እንስሳ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሰፊ አገር ማየት፣ እሱንም ጉልበት ሳያባክኑ ማየት ይጠይቃል። ሰፋፊ ክንፎቹን ዘርግቶ ከሞቀ መሬት ሽቅብ በሚወጣው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ የክንፉ ጫፍ ላባዎች ተለያይተው መቆማቸው በዝግታ ሲዞር አየሩ እንዳይከዳው ይረዳዋል።

አሁን ከሆድ እንጀምር። መብረር በጣም ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ጉልበት የሚገኘው ከምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ ሸክም ነው። የወፍ ኑሮ በዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተያዘ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ወፎች በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ይመርጣሉ፤ ዘር፣ ነፍሳት፣ ፍራፍሬ፣ ወለላ፣ ዓሣ፣ ሥጋ። የበሉትንም ቶሎ ይጨርሱታል። ትናንሽ ፍራፍሬ በል ወፎች የበሉት ፍሬ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዘሩ ሊወጣ ይችላል። በዓለም ላይ በየቦታው ሞልቶ የተረፈው ምግብ ቅጠል ነው፤ ቅጠል የሚበሉ ወፎች ግን ጥቂት ናቸው። ቅጠል ለመፍጨት ትልቅ ሆድና ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል፤ ላም ሆዷ ውስጥ ያለውን ተሸክማ መብረር አትችልም።

ይህን ዋጋ የከፈለች አንዲት ወፍ አለች። በደቡብ አሜሪካ በአማዞንና በኦሪኖኮ ወንዞች ዳር የምትኖረው ሆአትዚን ቅጠል በል ናት። አንገቷ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት እጅግ ሰፍቶ ባክቴሪያ ቅጠሉን የሚያብላላበት ጋን ሆኗል። ከረጢቱ ደረቷን ስለያዘው የበረራ ጡንቻ የሚጣበቅበት ቦታ ተጣቧል፣ የደረት አጥንቷ ጉብታ አንሷል። ውጤቱ ሲታይ ያሳዝናል፤ ከዛፍ ዛፍ ተንገዳግዳ ትሻገራለች እንጂ ራቅ አድርጋ መብረር አትችልም፤ ቀኑንም በአብዛኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ምግቧን ስታብላላ ትውላለች። መብላትና መብረር አንድ ቦታ ለመያዝ ሲጋፉ በዓይን የሚታይበት ከእሷ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዝይ ሣር ትበላለች፣ ሩቅም ትበራለች፤ የእሷ መፍትሔ ግን ሌላ ነው። ሣሩን አብላልታ አትጨርሰውም፤ የሚቀልለውን ጭማቂ ወስዳ የቀረውን ቶሎ ትጥለዋለች፤ ስለዚህ ሰፊውን ቀን ስትግጥ ትውላለች።

ሌሎቹ ወፎች ከጥርስ ፋንታ የያዙት መፍጫ ጠንካራ የጡንቻ ጨጓራ ነው። ከዚያ በፊት አሲድና የማዋሃጃ ፈሳሽ የሚያመነጭ ሌላ የጨጓራ ክፍል አለ። እህል ለቃሚዎች ጠጠር ይውጣሉ፤ ጠጠሩ በጡንቻው ውስጥ እህሉን ይፈጫል። ቀይ ኖት የምትባለው የባሕር ዳር ወፍ ዛጎል ለበስ እንስሳትን እንዳሉ ውጣ በዚሁ ጨጓራ ትሰባብራቸዋለች። የሚገርመው ጨጓራው መጠኑ አለመርጋቱ ነው። ጠንካራ ዛጎል ስትበላ በሳምንታት ውስጥ ይወፍራል፤ ለስላሳ ምግብ ስታገኝ ይሟሽሻል። ወፏ የማትፈልገውን መሣሪያ ተሸክማ አትዞርም።

የእጅን ሥራ ወደ ተረከቡት አካላት እንመለስ። በመጀመሪያ አንገት። ሰውም ቀጭኔም አንገታቸው ላይ ሰባት አከርካሪ አላቸው። ወፎች ከ13 እስከ 25 ይደርሳሉ። ወገባቸው ግትር ስለሆነ ማጎንበሱ፣ መዞሩ፣ መድረሱ ሁሉ በአንገት ነው የሚሆነው። በዚህ ክንድ ጫፍ ላይ ያለው ምንቃርም ደረቅ ቀንድ ብቻ አይደለም። የእኛ የላይኛው መንጋጋ ከራስ ቅላችን ጋር ተጣብቋል፤ የወፍ ግን ይንቀሳቀሳል። በቀቀን ላይ ይህን በግልጽ ታዩታላችሁ። በጭቃ ውስጥ ትል የሚፈልጉ ረጅም ምንቃር ያላቸው የባሕር ዳር ወፎች ደግሞ ምንቃራቸው ጭቃ ውስጥ እንደተቀበረ ጫፉን ብቻ መክፈት ይችላሉ፤ ጫፉም በንክኪ ስሜት ነርቮች የተሞላ ስለሆነ ሳያዩ ያገኛሉ።

ፍላሚንጎ ጭንቅላቷን ገልብጣ ትበላለች። የምንቃሯ መታጠፍ፣ በጠርዙ ላይ የተደረደሩት ማጥሪያዎች፣ ውኃውን የምታስገባበትና የምትገፋበት ወፍራም ምላስ፣ ሁሉም ለዚያ ተገልብጦ ለመብላት የተመቹ ናቸው።

ግንደ ቆርቁር ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባዋል፤ ስለ እሱ ለብዙ ዓመታት ስንናገረው የኖርነው ነገር ስለተለወጠ። ጭንቅላቱን በዛፍ ላይ ሲደበድብ አንጎሉ ለምን አይጎዳም ሲባል «የራስ ቅሉ ድንጋጤውን ይውጣል» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳም ቫን ቫሰንበርግና ባልደረቦቹ በፍጥነት በሚቀርጽ ካሜራ ሲቀርጹ የራስ ቅሉ ምንም ዓይነት ድንጋጤ እንደማይውጥ፣ ይልቁንም ግትር መዶሻ ሆኖ እንደሚሠራ አሳዩ። ለነገሩ ካሰቡት ትርጉም ይሰጣል፤ ምቱን የሚውጥ መዶሻ እንጨት አይበሳም፤ ወፉም ያንኑ ጉድጓድ ለመብሳት የበለጠ ጉልበት ይከፍል ነበር። አንጎሉ የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ ነው። በእኛ መጠን ያለ አንጎል ቢሆን ኖሮ ያ ምት ይጎዳው ነበር። ከበሳ በኋላ ደግሞ ምላስ ይመጣል። ምላሱን የሚደግፈው አጥንትና ጡንቻ ከአፉ ተነስቶ በራስ ቅሉ ጀርባ ዞሮ፣ በአናቱ ላይ አልፎ ወደ ግንባሩ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ርዝመት በጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን እጭ ለማውጣት ነው። ጠንካራ የጅራት ላባዎቹም ከግንዱ ጋር ተደግፎ የሚቆምባቸው ናቸው፤ የበረራ ዕቃ እዚህ የመብያ ዕቃ ሆነ።

ሃሚንግበርድ የምትባለው ትንሽ የአበባ ወለላ ጠጪ ወፍ ደግሞ መብረርንና መብላትን ፍጹም አንድ አድርጋለች። በአየር ላይ ቆማ ነው የምትጠጣው። ክንፏን ስትመታ ወደ ታችም ወደ ላይም ስትመታ ያነሳታል፤ ለዚህም ክንፍ የሚያነሳው ጡንቻዋ ከአካሏ አንጻር ሲታይ ከሌሎች ወፎች ይልቅ በጣም ትልቅ ነው። ስለ ምላሷ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወለላው በቀጭን ቱቦ ውስጥ በራሱ ሽቅብ ይሳባል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አሌሃንድሮ ሪኮ-ጌቫራና ማርጋሬት ሩቤጋ የምላሷ ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቆ ወለላው ውስጥ ሲገባ እንደሚዘረጋ፣ ሲወጣ ደግሞ ጠርዞቹ ተጠቅልለው ፈሳሹን እንደሚይዙ አሳዩ። ይህ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይሆናል። በበረራ ላይ ልቧ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። እንዲህ የሚነድ አካል ሌሊቱን ሳይበላ እንዴት ያድራል? ያጠፋዋል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነ ጥናት በፔሩ አንዲስ ተራሮች ላይ አንዲት ሃሚንግበርድ በሌሊት የአካሏ ሙቀት ወደ 3.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዶ ተለክቷል። ጎህ ሲቀድ ራሷን አሙቃ ወደ አበባ ትመለሳለች። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው ደጋግሜ ነው ያየሁት።

ምንቃር በምግብ እንዴት እንደሚቀረጽ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ፊንች የሚባሉትን ዘር ለቃሚ ወፎች እያንዳንዳቸውን ምልክት አድርገው፣ ምንቃራቸውን ለክተው ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በደሴቲቱ ከባድ ድርቅ መጣ። ትናንሹና ለስላሳው ዘር አለቀ፤ ትልቁና ጠንካራው ቀረ። አብዛኞቹ ወፎች ሞቱ። የተረፉት በአማካይ ወፍራም ምንቃር ያላቸው ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ወፍራሙን ምንቃር ወረሱ። ከ1983ቱ ታላቅ ዝናብ በኋላ ትናንሽ ዘር ሲበዛ ደግሞ ሚዛኑ ትንንሽ ምንቃር ወዳላቸው አጋደለ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነበር፤ በሕይወትና በሞት መካከል ግን ይለይ ነበር።

ስለ እግር ባጭሩ። ንስርና ጭልፊት ጣቶቻቸውን ሲጨብጡ ጅማታቸው ላይ ያሉ ሸካራ ጉብታዎች ከጅማቱ ሽፋን ጋር ይቆላለፋሉ፤ ስለዚህ ያደኑትን ጡንቻቸውን ሳያደክሙ ይዘው ይበራሉ። ዓሣ አዳኙ ንስር የውጭ ጣቱን ወደ ኋላ ማዞር ይችላል፣ የመዳፉ ቆዳም የሚያዳልጥ ዓሣ ለመያዝ በእሾህ መሳይ ቅርፊት የተሞላ ነው። የጉጉት ክንፍ የፊት ጠርዝ በማበጠሪያ መሳይ ጥርሶች የተሰለፈ ስለሆነ አየሩን ድምፅ ሳያሰማ ይቆርጣል፤ ይህም አዳኙ በጆሮው የሚያድን በመሆኑ ሁለት ጊዜ ይጠቅመዋል፤ አይጡ አይሰማውም፣ እሱ ግን አይጡን ይሰማል።

ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ይመጣል። ከሚበላው አብዛኛው አጥንት ነው። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል፤ ትልቁን ይዞ ከፍ ይልና አለት ላይ ይጥለዋል፤ ካልተሰበረ እንደገና ያነሳዋል። የጨጓራው አሲድ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ አጥንቱን ያሟሟዋል። መንጋጋ የማይሠራውን መስበር ለእሱ የሚሠራለት በረራው ነው።

ለባሕሩ አልባትሮስን ማየት ይበቃል። ተቅበዝባዡ አልባትሮስ ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 3.5 ሜትር ይደርሳል፤ ከሕያዋን ወፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። በትከሻው ያለው ጅማት ክንፉን በተዘረጋበት ይቆልፈዋል። በማዕበሉ አቅራቢያ ያለው ንፋስ ደካማ፣ ከፍ ብሎ ያለው ብርቱ መሆኑን ተጠቅሞ እየወጣና እየወረደ ያለ ክንፍ ምት ረጅም መንገድ ይሄዳል። ምግቡ የሆነው ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ በውቅያኖስ ላይ ተበታትኖ ስለሚገኝ ፍለጋው ከሚያስገኘው በላይ ጉልበት መፍጀት የለበትም።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ግን ባር-ቴይልድ ጎድዊት የምትባለው የባሕር ዳር ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ዕድሜዋ ወደ አምስት ወር የሚሆን አንዲት ጎድዊት መከታተያ መሣሪያ ተደርጎላት ከአላስካ ተነሳች፤ ከ11 ቀን በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ አረፈች። 13,560 ኪሎ ሜትር ሳትቆም፣ ሳትበላ፣ ሳትጠጣ በረረች። ይህን የሚያስችላትን ነገር ተመራማሪዎች ያወቁት በአሳዛኝ አጋጣሚ ነው፤ ገና ከአላስካ ሲነሱ ከራዳር ሕንፃ ጋር ተጋጭተው የሞቱ ጎድዊቶች ተመረመሩ። ከክብደታቸው ከግማሽ በላይ ስብ ነበር። ጨጓራቸው፣ አንጀታቸው፣ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ግን እጅግ ትንሽ ነበሩ። ለሳምንታት ያን ስብ ያጠራቀመላቸው ሆድ ሥራውን ሲጨርስ አንሷል፤ በበረራ ላይ የማያገለግል ክብደት ስለሆነ። ሲያርፉ ሆዳቸው መልሶ ያድጋል፤ ለማደግ ግን ባረፉበት ቦታ ምግብ ማግኘት አለባቸው።

በመልስ ጉዟቸው ወደ ሰሜን ሲሄዱ የሚያርፉት በቻይናና በኮሪያ ልሳነ ምድር መካከል ባለው ቢጫ ባሕር ዳርቻ፣ ማዕበል ሲሸሽ በሚገለጠው ጭቃ ላይ ነው። ባለፈው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና ከዚያም ወዲህ ከዚያ ጭቃ ሰፊው ክፍል ተደፍኖ ለሕንፃ፣ ለወደብና ለእርሻ ውሏል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 ለንግድ የሚደረገውን የባሕር ዳር መድፈን ለመግታት ውሳኔ አሳለፈች፤ በ2019 ደግሞ የቢጫ ባሕር የፍልሰተኛ ወፎች ማረፊያዎች የመጀመሪያው ክፍል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2024 ተጨማሪ ቦታዎች ተካተቱበት። ጎድዊቶቹ በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ እዚያ ያርፋሉ፣ ያነሰው አንጀታቸው እስኪያድግ ይበላሉ፣ ከዚያ እንደገና ሰብተው ወደ አላስካ ይነሳሉ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።